ካምፑ ችሮታ አይደለም፤ በሶናፑርና በአካባቢው የሚያድር ሠራተኛ የመኖሪያ መብት

የዱባይ ካርታ ሙሃይስና 2 የሚለውን ሰፈር ሠራተኛው የሚያውቀው ሶናፑር በሚለው ስሙ ነው። ከሻርጃ ወሰን አጠገብ ነው፤ ካምፕ ከካምፕ ተጠጋግቶ ተሠርቶበታል፤ ጎህ ሳይቀድ የኩባንያ አውቶቡሶች ሠራተኛ እየጫኑ ይወጡበታል። ነዋሪው በአብዛኛው ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከኔፓል የመጣ ነው፤ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በሾፌርነት የተቀጠረ ሐበሻም አለበት። ከዚያ ወጣ ሲሉ ደግሞ ዴራ ፍሪጅ ሙራር፣ ሻርጃ ሮላ፣ አጅማን ኑአይሚያ በቤድ ስፔስ፣ ማለትም በአልጋ ኪራይ፣ የሚያድሩ ወገኖቻችን አሉ። ስለ መኖሪያ የሕግ ምክር የሚፈልጉት እነዚህ ሁለት ወገኖች ጥያቄያቸው ይለያያል። የካምፑ ሰው «ክፍላችን ተጨናንቋል፣ ኤሲው ከተበላሸ ሰነበተ፤ ግን ኪራይ የማልከፍል ሰው ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ይላል። የቤድ ስፔሱ ሰው ደግሞ «በየወሩ እከፍላለሁ፤ ግን በስሜ ውል ስለሌለ ውጣ ካሉኝ ከመውጣት ሌላ ምን አለኝ?» ይላል። በሁለቱም ጥያቄ ውስጥ አንድ እምነት አድሯል፤ ኪራይ ያልከፈለ ወይም በስሙ ውል የሌለው ሰው በመኖሪያው ላይ መብት የለውም የሚል። ይህ እምነት በሕግ ፊት አይቆምም። መብቱ ግን ለካምፑ ሰው ከአንድ ሕግ፣ ለቤድ ስፔሱ ሰው ከሌላ ሕግ ስለሚመነጭ፣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ያላወቀ ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ ተሳሳተ በር ይሄዳል።

ከካምፑ እንጀምር። ዱባይ ውስጥ አከራይና ተከራይን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 26 ነው፤ በ2008 በሕግ ቁጥር 33 ተሻሽሏል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ካልሆኑ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ሕግ አንቀጽ 3 ሕጉ የማይመለከታቸውን ቤቶች ሲጠቅስ ሆቴሎችን ያነሣል፤ ቀጥሎም አሠሪ ለሠራተኞቹ ያለ ኪራይ የሰጠውን መኖሪያ ያነሣል። ስለዚህ የካምፕ ነዋሪ የኪራይ ክርክር የሚታይበት መሥሪያ ቤት ቢሄድ ይመልሱታል። ብዙ ሰው ይህን መመለስ «መብት የለህም» ማለት አድርጎ ይወስደዋል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። የኪራይ ሕጉ ከካምፑ እጁን ያነሣው ካምፑ የሥራ ውል ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ የሥራ ውልን የሚገዛው ደግሞ በመላው ኤምሬትስ የሚሠራው ፌዴራል የሥራ ግንኙነት ሕግ ቁጥር 33/2021 ነው። ይህ ሕግ ከየካቲት 2022 መጀመሪያ ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። አንቀጽ 13 የአሠሪውን ግዴታዎች ሲደነግግ፣ አሠሪው ሥልጣን ያለው አካል ፈቃድ የሰጠው ተስማሚ መኖሪያ እንዲያቀርብ፣ አለዚያም የቤት አበል በገንዘብ እንዲከፍል ወይም አበሉን ከደመወዙ ጋር እንዲያካትት ያዛል።

የዚህ ድንጋጌ ክብደት ያለው «አለዚያም» በሚለው ላይ ነው። አሠሪው መኖሪያውን ወይ በዓይነት ወይ በገንዘብ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይችላል እንጂ ሁለቱንም መተው አይችልም። በገንዘብ ሊተካ የሚችል ነገር ስጦታ ሊባል አይችልም፤ የሥራ ዋጋ ነው። ሕጉ ራሱም ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም መሠረታዊውን ክፍያ ብቻ አይቆጥርም፤ በውል ወይም በሕግ ለሠራተኛው የተወሰኑትን የገንዘብ አበሎችና የዓይነት ጥቅሞች ይጨምራል። በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ካምፑ የደመወዝ አካል ከሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ሲሰላ ለምን አይቆጠርም? እውነት ነው፣ አይቆጠርም። በአንቀጽ 51 መሠረት ክፍያው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት 21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 30 ቀን። ይህ ግን የሚያሳየው ሕግ አውጪው ለአንዱ ስሌት መሠረታዊውን ክፍል ነጥሎ መውሰዱን ነው። የትራንስፖርት አበልም ከዚያ ስሌት ውጭ ነው፤ ሆኖም አሠሪው ቢከለክለው ሠራተኛው ይከሳል። የመኖሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ሙቀት ኤሲው ተበላሽቶ የሚያድር ሠራተኛ የካምፑን ኃላፊ፣ ካምፕ ቦሱን፣ የሚለምነው ነገር የለም፤ በዓይነት ሊከፈለው የሚገባው ደመወዝ ጎድሎበታል።

«ተስማሚ» የሚለው ቃል በካምፕ ቦሱ ግምት የሚለካ አይደለም። የኤምሬትስ የሚኒስትሮች ካቢኔ በ2009 በውሳኔ ቁጥር 13 የሠራተኞች የጋራ መኖሪያ መመዘኛ አጽድቋል፤ ለአንድ ሰው ከ3 ካሬ ሜትር ያላነሰ የመኝታ ቦታ፣ በአንድ ክፍል ከ8 እስከ 10 ሰው ያልበለጠ፣ አየርና ብርሃን የሚያገኝ፣ ማቀዝቀዣ ያለው፣ የመጠጥ ውሃ፣ የማብሰያና የልብስ ማጠቢያ ቦታ ያለው መሆን አለበት። ቀጥሎ የወጣው የሰው ኃይልና የኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ውሳኔ ቁጥር 44/2022 ደግሞ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ደመወዛቸው በወር ከ1,500 ድርሀም በታች ለሆነ ሠራተኞች መኖሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በሶናፑር ካለው ሰው ብዙው በዚህ ክልል ይወድቃል። ልኩን ማረጋገጥ ለሠራተኛው አስቸጋሪ አይደለም። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 24 ካሬ ሜትር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 8 ሰው ይይዛል። አልጋው ሁለት ደርብ ስለሆነ ቁጥሩ እጥፍ አይሆንም፤ ሕጉ የሚለካው ወለሉን ነውና። ስለዚህ በዚያ ክፍል 14 ሰው የሚያድር ከሆነ አቤቱታው «በጣም ተጨናንቀናል» ተብሎ መጻፍ የለበትም። የክፍሉ ቁጥር፣ ርዝመትና ስፋት፣ የሚያድረው ሰው ብዛት፣ ኤሲው የተበላሸበት ቀን፣ ለካምፕ ቦሱ የተነገረበት ቀን ይጻፍበታል። ልክና ቀን ያለው አቤቱታ ለተቆጣጣሪው መነሻ ይሆነዋል፤ ምሬት ብቻ ያለበት ግን ካምፕ ቦሱ «ነገ ይጠገናል» ብሎ ይሸኘዋል። በዱባይ ሚኒስቴሩ ብቻ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱና የሠራተኞች ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴውም ካምፖችን ይቆጣጠራሉ።

አቤቱታ ከመጻፍ በፊት ግን ውሉን ማንበብ ይቀድማል። የሚኒስቴሩ የሥራ ቅጥር ደብዳቤና ውል ስለ መኖሪያ የሚናገር መስመር አለው፤ በአሠሪው የሚቀርብ ነው ወይስ በአበል የሚከፈል የሚለው እዚያ ይገኛል። ይህን መስመር ሳያይ የሚፈርም ሰው ብዙ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የፈራሚው ነው ማለት ግን አይቻልም። ሚኒስቴሩ ከ2016 ጀምሮ የቅጥር ደብዳቤው ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ጎን ሠራተኛው በሚረዳው ሦስተኛ ቋንቋ እንዲቀርብ ባዘዘ ጊዜ በጠቅላላው 11 ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ነበር፤ አማርኛ ከመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ የኛ ሰው የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ (መንዱቡ) «እዚህ ጋ ፈርም» ያለው ቦታ ላይ ፈርሞ ይወጣል። አሁንም ቢሆን የውሉን ቅጂ ከሚኒስቴሩ መተግበሪያ አውጥቶ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ማስነበብ ይቻላል። መኖሪያ በአሠሪው ይቀርባል የሚል ከሆነ፣ ከካምፕ ወጥቶ በራሱ ገንዘብ ቤድ ስፔስ የሚይዝ ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ አንዱን ክፍል በፈቃዱ እየተወ ነው። ለመውጣት በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን መኖሪያው በአበል እንዲለወጥለት በጽሑፍ ይጠይቅ። አሠሪው እሺ የማለት ግዴታ የለበትም፤ ካምፑ ከመመዘኛ በታች ከሆነ ግን ጥያቄው ጉልበት ያገኛል። የካምፕ ወጪ እያለ ከደመወዝ የሚቆርጥ አሠሪ ደግሞ ለሥራ ሕጉ አንቀጽ 25 መልስ መስጠት አለበት፤ ይህ አንቀጽ ከደመወዝ የሚቆረጠው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ እንዲሆን፣ በጠቅላላውም ከደመወዙ ግማሽ እንዳይበልጥ ያዛል።

ሠራተኛውን የሚያስቸግረው ሕጉን ማወቁ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። «ብከስ ያባርሩኛል፣ ቪዛዬን ይሰርዙታል፤ እዚህ ያለሁት ቤተሰብ ለማስተዳደር እንጂ ለመሟገት አይደለም» የሚለው ተቃውሞ በማንኛውም የሕግ አንቀጽ የሚናቅ አይደለም። ሕጉ አሠሪው እንዳያባርር እጁን ማሰር አይችልም፤ የሚችለው ማባረሩ ዋጋ እንዲያስከፍለው ማድረግ ነው። አንቀጽ 47 ሠራተኛው ለሚኒስቴሩ ተጨባጭ አቤቱታ በማቅረቡ ወይም ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ክስ በመመሥረቱ ምክንያት የተደረገን ስንብት ሕገ ወጥ ይለዋል፤ ካሳውም እስከ 3 ወር ደመወዝ ይደርሳል፤ የማስጠንቀቂያና የአገልግሎት ክፍያው ሳይነካ። ለሚኒስቴሩ የቀረበ የሥራ ክርክር በመጀመሪያ በ14 ቀን ውስጥ በስምምነት እንዲያልቅ ይሞከራል። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ሚኒስቴሩ የገንዘብ መጠኑ 50,000 ድርሀም ወይም ከዚያ በታች በሆነ ክርክር ራሱ የሚፈጸም ውሳኔ ይሰጣል፤ በክርክሩ ምክንያት ደመወዝ ከተቋረጠ እስከ 2 ወር እንዲከፈል ማዘዝም ይችላል። ፍርድ ቤት የደረሰ ከሆነ እስከ 100,000 ድርሀም ያለው የሥራ ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። በ2024 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የክስ ማቅረቢያ ጊዜውን የሥራ ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አድርጎታል። ስለዚህ በፍርሃት ዛሬ ዝም ያለ ሠራተኛ መረጃውን እስከያዘ ድረስ ነገ አልመሸበትም። ፓስፖርቱን ኩባንያው ቢይዝበትም መመለስ አለበት፤ ያው አንቀጽ 13 አሠሪ የሠራተኛውን ሰነድ እንዳይይዝ ይከለክላል።

የቤት ሠራተኞች በዚህ ሕግ አይካተቱም፤ የራሳቸው አላቸው፤ ፌዴራል ሕግ ቁጥር 9/2022። ሰው ቤት የምትሠራ እኅት ማደሪያ የሥራ ቦታዋ ስለሆነ የመኖሪያ መብቷ ከዕረፍቷ አይነጠልም። አሠሪው ተስማሚ ማደሪያና ምግብ ማቅረብ፣ ማሳከም አለበት፤ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ከዚያም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ፣ በሳምንት ደግሞ አንድ የዕረፍት ቀን ይገባታል። ማድ ቤት ወለል ላይ ወይም ከልጆች ጋር የምትተኛና ሌሊት የምትጠራ ሴት ማደሪያዋም ዕረፍቷም ተወስዶባታል። ከማዳም ጋር ተጣልቶ ሌሊት ሻንጣ ይዞ ቤድ ስፔስ መግባት ግን ክሱን ያበላሻል፤ አሠሪው ጠፍታለች ብሎ ቀድሞ ካስመዘገበ ተበዳይዋ በጥፋተኛ ቦታ ትቆማለችና። አደጋ ላይ ካልሆነች ከመውጣቷ በፊት በ80084 ለሚኒስቴሩ የሥራ ክርክር ማዕከል ትደውል፤ ያስመጣት የቅጥር ጽሕፈት ቤትም ጊዜያዊ ማደሪያ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ድብደባ ወይም ጥቃት ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ፖሊስ።

አሁን ወደ ቤድ ስፔስ እንምጣ። አንድ ሰው ቤቱን በስሙ ይከራያል፤ ኢጃሪ የሚባለውን የዱባይ የኪራይ ውል ምዝገባ በስሙ ያወጣል፤ ከዚያ አልጋ በአልጋ ወይም በፓርቲሽን ከፋፍሎ ያከራያል። በሕግ ቋንቋ ዋናው ሰው ተከራይ ነው፣ አልጋ የያዘው ደግሞ የተከራይ ተከራይ ነው። የ2007ቱ ሕግ አንቀጽ 24 ተከራይ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ መልሶ እንዳያከራይ ይከለክላል። አንቀጽ 25 ይህን ያደረገ ተከራይ የውሉ ዘመን ሳያልቅ ሊባረር እንደሚችል ይደነግጋል፤ መባረሩም ተከራዩንና የተከራይ ተከራዩን አብሮ ያስወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ድንጋጌው ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ይቀጥላል፤ የተከራይ ተከራዩ ከተከራዩ ካሳ የመጠየቅ መብቱ ይጠበቃል ይላል። ሕግ አውጪው ይህን የጻፈው መልሶ ማከራየቱ ያለ ፈቃድ መደረጉን እያወቀ ነው። «የገባሁበት ነገር ሕገ ወጥ ስለሆነ አፌን መክፈት አልችልም» የሚለው ፍርሃት መልሱን ያገኘው እዚያ ነው፤ ፈቃድ የማምጣት ግዴታው ያለው አከራይቶ በበላው ሰው ላይ ነው፣ ጥፋቱም የእሱ ነው። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ የከፈለና በወሩ አጋማሽ በማዘጋጃ ቤት ቁጥጥር የወጣ ሰው አልጋውን መልሶ ማግኘት ባይችልም፣ ያልኖረበትን ቀን ኪራይ፣ ዲፖዚቱንና የደረሰበትን ኪሳራ ከዋናው ተከራይ መጠየቅ ይችላል።

ይህ መብት ግን ሁለት ደካማ ጎን አለው፤ ሳይደባበቅ መነገር አለበት። አንደኛው የዱባይ የኪራይ ክርክር ማዕከል መዝገብ ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው ኢጃሪ ነው፤ አልጋ የያዘው ሰው ደግሞ ኢጃሪውን አይቶት አያውቅም። ሁለተኛው የማዕከሉ ክፍያ ነው፤ ከዓመቱ ኪራይ 3.5 በመቶ ሲሆን ከ500 ድርሀም አያንስም። 500 ድርሀም ዲፖዚት ለማስመለስ ያንኑ ያህል ከፍሎ መክሰስ ለደሃ ሠራተኛ አይዋጥለትም፤ ይህ በእኔ እምነት የአሠራሩ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ካሳን የጠበቀ ሕግ ካሳውን የማግኛ በሩን ለዝቅተኛ ገንዘብ አጥብቦታል። መፍትሔው ከክርክሩ በፊት በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ገንዘብ ከመስጠት በፊት ዋናው ተከራይ ኢጃሪውን እንዲያሳይ ይጠየቅ፣ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ስሙ ገንዘቡን ከሚቀበለው ሰው መታወቂያ (ባታካ) ጋር መመሳሰሉ ይታይ። ክፍያው በእጅ ከሆነ እዚያው ቁጭ ብሎ በዋትሳፕ «የሰኔን ኪራይ ይህን ያህል፣ ዲፖዚት ይህን ያህል ዛሬ ተቀብለሃል» ብሎ መላክና «አዎ» የሚል መልስ መቀበል ይገባል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የማስረጃ ሕግ፣ ቁጥር 35/2022፣ የኤሌክትሮኒክ መልእክትን በማስረጃነት ይቀበላል፤ ዋጋው ከ50,000 ድርሀም ባልበለጠ ግዴታ ላይም የሰው ምስክር ይሰማል፤ የአልጋ ኪራይ ከዚህ መጠን በብዙ ያንሳል። የክፍል ጓደኛ ምስክር መሆን የሚችለው ግን ሲከፈል ያየ እንደሆነ ነው፤ የሰማ ብቻ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው። ከብዙ ሰው ዲፖዚት ሰብስቦ የተሰወረ ሰው ጉዳይ ደግሞ ከኪራይ ክርክር ያልፋል፤ ማጭበርበር ወንጀል ስለሆነ ፖሊስ ጣቢያ ይኬድ።

መንግሥት ፓርቲሽን ሲያፈርስ «ደሞዛችን ይህን ያህል ሆኖ የት እንደር? ሕጉ የሚያሳድደው ድሃውን ነው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በሰኔ 2025 በሪጋ፣ በሙራቃባት፣ በሳጥዋ፣ በበርሻና በራፋ በሕገ ወጥ ፓርቲሽኖች ላይ ዘመቻ ሲጀምር ይህ ቅሬታ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ነበር። ቅሬታው ውስጥ እውነት አለ፤ የሚወጣው ሰው የሚያድርበት ሳይዘጋጅለት ሻንጣውን ይዞ ይወጣልና። ነገር ግን ሕጉ ሊከላከለው የሚፈልገውን አደጋ ማየት ያስፈልጋል። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በዴራ አል ራስ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ በተነሣው እሳት 16 ሰዎች ሞተዋል፤ የሲቪል መከላከያው ሕንፃው የደኅንነት መመዘኛዎችን አላሟላም ብሏል። በእንጨትና በጂፕሰም ሰሌዳ የተከፋፈለ ክፍል መስኮት ይሸፍናል፣ መውጫ ያጠባል፣ ጭስ ያምቃል፤ በአንድ ሶኬት ላይ የስንቱ ቻርጀርና የስንቱ ማብሰያ እንደሚሰካ ያደረበት ያውቃል። የካሬ ሜትሩ ልክ ለሕይወት የተቀመጠ ነው። ጥያቄው ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ነው፤ ዛሬ የሚሸከመው አልጋ ላይ ያለው ሰው ነው፤ ሊሸከም የሚገባው ግን ወይ በቂ አበል ያልከፈለው አሠሪ ነው፣ ወይ ያለ ፈቃድ ከፋፍሎ ያተረፈው ዋና ተከራይ ነው። የሥራ ሕጉ አንቀጽ 13 እና የኪራይ ሕጉ አንቀጽ 25 ሲነበቡ የሚያመለክቱት ወደ እነዚህ ሁለት ሰዎች ነው፤ ተበዳዩ ካልጠየቀ ግን ማንም አይጠይቅለትም።

ሕጋዊ አብሮ መኖር የለም ማለት አይደለም። የዱባይ የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ከመስከረም 2022 ጀምሮ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ዱባይ ሬስት በተባለው መተግበሪያ በኢጃሪው ሥር እንዲመዘገቡ አዟል። በዚያ ስሙ የገባ ነዋሪ ከዋናው ተከራይ ጋር ያለው ግንኙነት በመንግሥት መዝገብ የታወቀ ስለሆነ፣ ነገ «አላውቀውም» ሊባል አይችልም። ስሜን አስገባልኝ ሲሉት የሚሸሽ ዋና ተከራይ ቤቱን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደሚያከራይ መጠርጠር ይገባል። በሌላ በኩል ባለቤቱ መልሶ እንዲያከራይ የፈቀደለት ተከራይ በሕጉ ትርጉም እንደ አከራይ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንቀጽ 34 ይይዘዋል፤ ነዋሪውን ለማስወጣት ብሎ መብራትና ውሃ ቢቆርጥ ወይም ቢያውክ ነዋሪው ለአካባቢው ፖሊስ ሊያመለክት፣ በፖሊስ ማስረጃም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል።

ሶናፑር ድንበር ላይ ያለች በመሆኗ አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። የሥራ ሕግ ፌዴራል ነው፤ የትም ቢኖሩ አንድ ነው። የኪራይ ሕግ ግን የየኤምሬቱ ነው፤ የሚወስነውም አልጋው ያለበት ቦታ ነው እንጂ ቪዛው የወጣበት አይደለም። ዱባይ እየሠራ ሻርጃ አል ናህዳ የሚያድር ሰው ዲፖዚቱን ቢከለከል ዴራ ያለው የክርክር ማዕከል አይሰማውም። ሻርጃ በ2024 አዲስ የኪራይ ሕግ፣ ቁጥር 5፣ አውጥታለች፤ አከራዩ ውሉን በ15 ቀን ውስጥ በማዘጋጃ ቤት እንዲያስጸድቅ ያዛል፤ ውሉ ከተጀመረ 3 ዓመት ሳይሞላ ኪራይ መጨመርን ይከለክላል። ቤተሰብ ይዘው አፓርትመንት ለተከራዩ ወገኖች ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ አከራይ በየዓመቱ «ጨምር ወይ ውጣ» ሲል የሚሰጡት መልስ አላቸው። አጅማንም ውሎች በማዘጋጃ ቤቱ ይጸድቃሉ፤ ያልጸደቀ ውል ይዞ የሚኖር ሰው ክርክር ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። ሻርጃ በቤተሰብ መኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ላጤ ሠራተኞች እንዳይኖሩ ስለምትከለክል፣ በዚያ ሰፈር ርካሽ አልጋ አገኘሁ ብሎ መግባት ለመባረር መፍጠን ነው።

ለራሱ ለዋናው ተከራይ የምለው አለኝ፤ ብዙ ጊዜ እሱም የኛው ሰው ነውና። ቤት በስሙ ይዞ ወንድም እኅቶቹን ማስገባቱ ብዙ ጊዜ ከመልካም ሐሳብ ይጀምራል። ሕጉ ግን ሐሳቡን አያይም። ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ካልያዘ ውሉ ይፈርሳል፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ካስጠለለ ደግሞ በውጭ አገር ሰዎች የመግቢያና የመኖሪያ ሕግ፣ ቁጥር 29/2021፣ ይቀጣል። ፈቃዱን ማግኘት፣ በዱባይ በጋራ በሚኖሩበት የኪራይ ቤት ለአንድ ሰው የሚፈለገውን 5 ካሬ ሜትር መጠበቅ፣ የሁሉንም ስም ማስመዝገብ ትርፉን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ከአንድ እሳት ወይም ከአንድ ቁጥጥር በኋላ የሚመጣውን ዕዳ የሚሸከም ትርፍ የለም።

የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። በመርሕ ደረጃ የከፈለው ገንዘብ ገንዘቡ ነው፤ በተግባር ግን መዝገብ ለመክፈት ባታካ ይጠየቃል፤ በቀን 50 ድርሀም የሚቆጠረው ቅጣትም ይከተለዋል። ስለዚህ ለእሱ የሚቀድመው ኪራይ መክሰስ አይደለም፣ ወረቀቱን ማስተካከል ነው። ከመስከረም 2024 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንደተሰጠው ያለ የምሕረት ጊዜ ሲከፈት ሳይዘገዩ መጠቀም፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት የጉዞ ሰነድና ምክር መጠየቅ ይሻላል። በኤጀንሲ በኩል የመጣ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ በር አለው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ኤጀንሲው የሚሠራውም በመንግሥት ፈቃድና በዋስትና ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ በጸደቀው ውል ላይ መኖሪያ በአሠሪው ይቀርባል ተብሎ ተጽፎ እዚህ ሲደርስ አልጋህን ራስህ ፈልግ የተባለ ሰው፣ የውሉን ቅጂ ለቤተሰቡ ልኮ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ኤጀንሲውን ማስጠየቅ ይችላል፤ እዚህ ለኤምሬትስ ሚኒስቴር ያቀረበው አቤቱታም በዚያ ምክንያት አይቀርበትም።